የተደፈረው የሙሾ ቤት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቁማር ቤት ሆነናል። የነገሩኝ ወይዘሮ አገሬ ናቸው፤ ከኮሶዬ ደውለው፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሱኝ።

«አያ መምህር፣ ምነው? ምን በደልሁህ? የወንድሜን ለቅሶ ልስማ ብዬ ባስከፍት፣ ራቁቷን የቀረች ሴት መንኰራኵር ታሽከረክራለች። ‹ይጫወቱ፣ ይብሉ› ይላል አለችኝ ልጄ። ደሳለኝ በዕድሜው ሙሉ ገበጣ እንኳ የማይጫወት ሰው ነበር!»

የተሳሳተ ገጽ የከፈቱ መስሎኝ ነበር። በኮምፒውተሬ ብከፍተው ደኅና ነው፤ ያ የማውቀው መግቢያ፣ ያ የደጋ ተራራ ፎቶግራፍ፣ የሙሾዎቹ ዝርዝር በየወረዳው። «እት አገሬ፣ ምንም የለበትም» ልላቸው መልሼ ከደወልሁ በኋላ፣ ነገሩ አላስችል ብሎኝ በስልኬ ሞከርሁት። ያች ሴትዮ መጣች። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት፤ በቤቱ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፤ ግን አፈርሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያለኝ ሥራ ይህ ድረ ገጽ ነው። አማርኛ ሳስተምር የኖርሁት ሰውዬ፣ የደጋው ሕዝብ በሙታኑ ላይ የሚያወርደው ግጥም ከተናጋሪው ጋር አፈር ሲገባ እያየሁ መቀመጥ አልቻልሁም። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጭልጋም ሳይቀር ሰዎች በስልካቸው የቀዱትን ይልኩልኛል፤ እኔ ቃሉን ጽፌ ከድምፁ አጠገብ አኖራለሁ። ድረ ገጹን የሠራችልኝ የእኅቴ ልጅ ብርቱካን ናት።

ወይዘሮ አገሬ በኮሶዬ ዙሪያ የታወቁ አልቃሽ ናቸው። ዓምና በዚህ ወር ወንድማቸው አያ ደሳለኝ ሲቀበሩ ያወረዱትን ልጃቸው የሺ በስልኳ ቀድታ ላከችልኝ። ያ ስልክ በክረምቱ ልብስ ስታጥብ ወንዝ ገባ። እንግዲህ ያ ድምፅ ያለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው። ሙት ዓመቱ የፊታችን እሑድ ነው፤ ሊሰሙት የፈለጉትም ስለዚህ ነው።

ለብርቱካን ደወልሁ። «ጋሼ፣ ምንም ነገር እንዳይነኩ፤ ነገ እመጣለሁ» አለች። አልነካሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ብርቱካን እዚሁ ጎንደር ካለው ከማራኪ ሠፈር በጠዋት መጣች። የምትሠራው እዚያው አካባቢ ባለ አንድ የግል ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ነው፤ ዛሬ ፈቃድ ጠይቃለች። ላፕቶፗን ከፍታ የታችኛውን ከንፈሯን እየነከሰች ታይ ጀመር። ልጅ ሳለች የቤት ሥራ ሲከብዳት እንዲሁ ታደርግ ነበር።

ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። እንደ ገባኝ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ድረ ገጻችን ከብዙ ቁራጭ የተገጣጠመ ነው። ሌሎች ሰዎች የሠሩትን አንዳንድ ቁራጭ ወስደን ቀጥለንበታል፤ ፕለጊን ይሉታል። ሰዎች ሙሾ የሚልኩበት ፎርም አንዱ ፕለጊን ነው። ይህ ፎርም የመጣለት ነገር ምን እንደ ሆነ የሚጠይቀው ራሱን መጪውን ነው። «ፎቶግራፍ ነኝ» ካለው ፎቶግራፍ ነው ብሎ ያስገባዋል። አንድ ሰው ታዲያ በፎቶግራፍ ስም ፕሮግራም ላከ። ፎቶግራፍ ይታያል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ፕሮግራም ግን ያዝዛል። ከገባ በኋላ ላኪው ከውጭ ሆኖ ጠራው፤ ድረ ገጻችን የተቀመጠበት ኮምፒውተርም ታዘዘለት። በስልክ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ወደ ቁማሩ የሚመራው ያ ነው።

«ጠላታችን ማን ነው?» አልሁ።

«ጠላት የለንም፣ ጋሼ። እኛን የሚያውቀን ሰው እንኳ ያለ አይመስለኝም። ይህን ፕለጊን የሚጠቀመውን ድረ ገጽ ሁሉ ማሽን እየዞረ ያንኳኳል። የከፈተለትን ይገባል።»

ይህ ከሁሉ ይልቅ ከነከነኝ። በእኛ አገር ሌባ እንኳ የሚሰርቀውን ሰው ያውቀዋል፤ በማግሥቱ ሰላምታ ይሰጠዋል።

ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «መጀመሪያ ፎቶና ድምፅ ብቻ፣ ያውም በታወቁት ዓይነቶች ብቻ እንዲቀበል አድርጌው ነበር። ሁሉን ይቀበል ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

እውነቷን ነው። ፎርሙ ከአሮጌ ስልክ የሚመጣውን ይመልስ ነበር። አንድ የጭልጋ ገበሬ የእናቱን ሙሾ ደጋግሞ ሞክሮ «ይህ ዓይነት ፋይል አልተፈቀደም» ተብሎ ተመለሰ፤ ደውሎም «መምህር፣ የእኔ እናት አልተፈቀደችም ወይ?» አለኝ። ያን ዕለት ብርቱካንን ጠርቼ፣ ለቅሶ ቤት የመጣን ሰው ማን ነህ፣ ምን ይዘሃል ብሎ የሚመልስ አገር የት አለ? ድንኳኑ በር የለውም፤ የእኛም አይኑረው፣ አልኋት። ስም አይጠየቅ፣ ምዝገባ አይኑር፣ የመጣው ሁሉ ይግባ። በጊዜው ያማረ ንግግር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

«እሱስ ይሁን» አለች፤ «ቢከፈትም እንኳ ፕለጊኑ ፕሮግራምን መመለስ ነበረበት፤ ጉድለቱ የሠሪዎቹ ነው። ግን በክረምቱ አርመውት አዲስ አወጡ። ማሳሰቢያው በገጽዎ ላይ በቀይ ተጽፎ አለ። ምነው አልጫኑትም?»

ያልጫንሁት ያለፈውን ጊዜ አዲስ ነገር ስጭን ፊደላቱ ሁሉ ባዶ ሣጥን ስለ ሆኑብኝ ነው። «ሐ»ና «ኀ»ን ለማዳን ብዬ ቤቱን አስዘረፍሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ድረ ገጻችንን በኪራይ የሚያኖርልን ድርጅት መልእክት ልኳል። ገጹን ዘግተውታል። ቁማሩ በመቆሙ ደስ አለኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቤ ግን ደስታዬ ጠፋ። እስከ ዓርብ ማታ ካላጸዳነው ጠቅላላውን ያጠፉታል፤ ከእኛ አልፎ ሌሎቹን ተከራዮች እንዳይበክል።

ብርቱካንን በስልክ ጠየቅኋት፤ መጠባበቂያ ቅጂ የለንም ወይ? አለን። ግን የተወሰደው ዓምና በመስከረም ነው። አያ ደሳለኝ ያረፉት በጥቅምት ነው።

«እንግዲህ ሁለት መንገድ አለን» አለችኝ። «አንዱ፣ ሁሉን አጥፍተን የዓምናውን ቅጂ መመለስ ነው። ንጹሕ ነው፤ ግን ዓመቱን ሙሉ የመጣው ይቀራል። ሁለተኛው፣ የተላከው ሁሉ ያለበትን ፎልደር ወደ እኔ ላፕቶፕ ቀድተን፣ ደጉን ከክፉው መልቀም ነው።»

«እንልቀም» አልሁ።

«ጋሼ፣ ብዙ ነው።»

«እህል የተለቀመው ጥቂት ስለ ሆነ መሰለሽ?»

በቤቴ ያለው ኔትወርክ እንደ ኤሊ ስለሚሄድ ከሥራ ስትወጣ ፒያሳ ካለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀመጥን። ፎልደሩ ሲወርድ እኔ ወደ ማዶው ካፌ ወጣሁ። አብሮኝ ያስተምር የነበረው የታሪክ መምህር አቶ ወንድይፍራው እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ ነበር። ሳልነግረው ሰምቷል።

«ሙሾህን ቁማርተኛ በላው አሉ!»

«ገና አልበላውም፤ አላመጠው።»

«በብራና ጻፈው አላልሁህም? ብራናን የሚበላው አይጥ ነው፤ አይጥን ደግሞ ድመት ይበላዋል። ይህን ምን ይበላዋል?»

«የእኅቴ ልጅ» አልሁት። ሳቀ፤ የማኪያቶዬንም ሒሳብ አትከፍልም ብሎ ተከራከረኝ። ብራና ድምፅ እንደማይዝ ያውቃል። ግን ከወንድይፍራው ጋር ሲከራከሩ ነገሩ ይቀላል።

ፎልደሩ በደኅና ወረደ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ቀኑን ሙሉ ለቅሶ ስሰማ ዋልሁ።

ብርቱካን ቀድማ በራሷ ፕሮግራም ወንፊት ሠርታለታለች። እያንዳንዱ ፋይል በስሙ መጨረሻ ጅራት አለው፤ ጅራቱ ፎቶ ወይም ድምፅ መሆኑን የሚናገረውን ወደ አንድ ወገን፣ የፕሮግራም ጅራት ያለውንና ጅራት የሌለውን ወደ ሌላ ወገን አድርጋለች። ሁለተኛውን «እስር ቤት» ብላዋለች፤ እንዳልከፍተው አስምላኛለች። የመጀመሪያውን እርሷ አንድ በአንድ ከመረመረችው በኋላ እያዳመጥሁ፣ ከማን እንደ መጣና የት እንደሚገባ የምጽፈው እኔ ነኝ።

እንዲህ በአንድ ቀን ተደራርበው ሰምቻቸው አላውቅም። የወገራዋ ሴት በቅሎዋን ለሸጠችለት ባል የምታለቅሰው። ከጭልጋ የመጣው፣ መካከሉ ላይ ቅማንትኛ የሚገባበት፣ እኔም ትርጉሙን እስካሁን የምጠይቅበት። አንድ ድምፅ ውስጥ አህያ ጣልቃ ገብታ ታናፋለች፤ ለቅሶተኛው ሁሉ ሳቁን ሲውጥ ይሰማል። ከነዚህ አልቃሾች ገሚሶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። በወጣትነቴ እንዲህ ያለውን እየሰማሁ አልፌ ወደ ትምህርት ቤት እሄድና ለተማሪዎቼ ከመጽሐፍ ግጥም አስነብብ ነበር።

የወይዘሮ አገሬን አላገኘሁትም። ከሰዓት በኋላ እንደ ገና ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ የለም። በድረ ገጹ ላይ እርሱን ያስቀመጥሁበት ማያያዣ ራሱ ተሰብሯል።

እርሳቸው ደወሉ። «ጠፍቶም እንደ ሆነ ንገረኝ፤ አልቆጣም» አሉኝ። የተረጋጋ ድምፅ ነው፤ ከሰኞው ቁጣ ይልቅ ያስፈራኝም እርሱ ነው።

«እየፈለግሁት ነው፣ እት አገሬ።»

«የሺ ለልጆቹ አሰማለሁ ብላ ተናግራለች። የደሳለኝ የበኵር ልጅ ከመተማ እየመጣ ነው፤ ቀብሩ ላይ አልደረሰም።»

እዚህ ላይ ሳላስብ ተናገርሁ። «ካልተገኘ፣ ግጥሙን ደግመው ቢሉትና ብንቀዳው…»

«ምን ብዬ?» አሉ። «ሬሳ በሌለበት፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሙሾ ላውርድ? በማን ላይ ልጥራው? ሟርት ነው፤ አንተን የሚያህል ሰው ይህን ትላለህ? ደግሞስ ምን እንዳልሁ መች አውቃለሁ። ያን ቀን ያለው አፌ ነው፤ እኔ አልነበርሁም።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ሐምሳ ጊዜ ያስተማርሁትን ነገር ነው የነገሩኝ። አልቃሽ ግጥሟን አታጠናም፤ ሐዘኑ ሲመጣ ይመጣል፣ ከሐዘኑ ጋር ይሄዳል። እኛ የያዝነው ሄዶ የማይመለስ ነገር ስለ ሆነ እኮ ነው ድረ ገጹ የተሠራው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ተገኘ!

እስር ቤት ውስጥ ነበር። ብርቱካን ዛሬ እስረኞቹን ከማጥፋቷ በፊት «እስኪ ዝርዝሩን ብቻ ይዩት፤ የሚያውቁት ነገር ካለ» አለችኝ። ክፉዎቹ ስማቸው ያማረ ነው፤ አንዱ «የሠርግ ፎቶ»፣ አንዱ «አርማ»፣ አንዱ «እንኳን ደኅና መጡ» ይላል በእንግሊዝኛ፤ ሁሉም ግን የፕሮግራም ጅራት አላቸው። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ነገር አለ፤ የመቶኛ ምልክት፣ ቁጥር፣ እንደ ገና የመቶኛ ምልክት፤ መጨረሻው ተቆርጧል፤ ጅራት የለውም። ከሁሉም የሚያስፈራው እርሱ ነበር።

«ይህንስ አጥፊው» አልኋት። እኔው ነኝ ያልሁት።

እርሷ ግን የተላከበትን ቀን አየች። «ዓምና ጥቅምት ነው፣ ጋሼ። እነዚያ የገቡት ዘንድሮ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሺ ፋይሉን በስልኳ ስትሰይመው በአማርኛ «የአያ ደሳለኝ ለቅሶ እናቴ ያለችው ኮሶዬ» ብላ ሙሉውን ጽፋለት ኖሯል፤ ፎርሙ ፊደላችንን ስላላወቀ ወደ ቁጥር ቀየረው፤ ሲረዝምበትም ጅራቱን ቆረጠው። ብርቱካን ስሙን ትታ ውስጡን መረመረች፤ የፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለው ምልክት የስልክ ድምፅ መሆኑን ይናገራል አለች። ጅራቱን ቀጥላ አስነሣችው።

መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ። ከዚያ የብዙ ሰው እግር። ከዚያ የወይዘሮ አገሬ ድምፅ።

ብርቱካን ማያውን ትታ ወደ መስኮቱ ዞረች። የማራኪ ልጅ ናት፤ ሙሾ ሲወርድ በአካል ሰምታ አታውቅም። ሲያልቅ «ይህን ነው ላጠፋው የነበረው» አለች። «እኔ ነኝ አጥፊው ያልሁሽ» አልኋት።

የቀረው ቀን ሥራ ነበር። እርሷ ሠራች፣ እኔ ጠየቅሁ፦

አሮጌው ሁሉ ጠፍቶ ድረ ገጹ ከሥሩ እንደ አዲስ ተተከለ።

ፕለጊኑ የታረመው ሆነ። ፊደላቱ ደኅና ናቸው፤ «ኀ»ም አለች።

አስተዳዳሪ ተብሎ የተመዘገበ የማናውቀው ሰው ተገኝቶ ተባረረ። እኔ ብቻ የማዝዝ መስሎኝ ነበር።

የይለፍ ቃሎች ሁሉ ተቀየሩ። የእኔ የቀድሞው የተወለድሁበት መንደር ስም ነበር፤ ብርቱካን ሰምታ ወዲያው ራሷ ሌላ መረጠችልኝ።

ሰው የሚልከው ነገር በሚገባበት ፎልደር ውስጥ ማንኛውም ፕሮግራም እንዳይሠራ ተከለከለ። ቢገባ እንኳ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

የተላከ ነገር ወዲያው አይወጣም፤ ውጭ ቆይቶ፣ ታይቶ፣ ከዚያ ይገባል። ይህን በቀላሉ አልተቀበልሁትም። «ሰው ለቅሶ ይዞ መጥቶ ውጭ ይጠብቅ?» አልሁ። «ሰውዬው ሳይሆን ዕቃው ነው የሚጠብቀው» አለች። አሰብሁት። በለቅሶ ቤትስ ቢሆን ሰው ያመጣውን ምግብ የዕድር ሴቶች ተቀብለው፣ ገልጠው አይተው፣ የጾሙን ከፍስኩ ለይተው አይደል የሚያስገቡት? በመጣው ሰው አልተጠራጠሩም። ተሸነፍሁ፤ ደስም አለኝ።

የጭልጋው ዓይነት አሮጌ ስልክ የሚልከው ደግሞ በዝርዝሩ ተጨምሮ ተፈቅዷል። ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ሳይመሽ ለድርጅቱ ጽፈን ላክን። ለወይዘሮ አገሬም ደወልሁ። «እሰይ» አሉና ስልኩን ለየሺ ሰጧት፤ የሺ ታለቅስ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ድረ ገጹ ተከፍቷል። ግን አንዳንድ ስልክ ላይ «አደገኛ ገጽ» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ አሁንም ይመጣል፤ ስም ከጠፋ ቶሎ አይታጠብም፤ ጥቂት ቀን ይፈጃል አለች ብርቱካን።

«አሁን ሙሉ በሙሉ ድነናል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ያየሁትን አጽድቻለሁ። ያላየሁት የለም ብዬ ግን አልምልልዎትም።»

በሐኪም አፍ ብሰማው የሚያስፈራኝ መልስ ነው፤ ከእርሷ ስሰማው ግን አመንኋት። የሚምል ባለሙያ ይበልጥ ያስፈራኛል። ከእንግዲህ በየሳምንቱ ቅጂ ይወሰዳል፤ አንዱ እርሷ ዘንድ፣ አንዱ በእኔ መሳቢያ። ቀዩ ማሳሰቢያ ሲመጣም እደውልላታለሁ፤ አልፈራውም ብዬ ግን አልዋሽም።

የአያ ደሳለኝን ሙሾ በስልኬ ጭናልኛለች። ለየሺም በሚሞሪ ካርድ ይዣለሁ። ጋቢዬን አዘጋጀሁ፤ የጥቅምት ብርድ በኮሶዬ ከጎንደር ሁለት እጥፍ ነው። ወይዘሮ አገሬ ሙሾውን እንደ ገና በድረ ገጹ እንዳኖረው ይፈቅዱ እንደ ሆነ አላውቅም። ሳልጠይቅ አልመልሰውም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ከኮሶዬ አሁን ተመለስሁ። ጣቶቼ ገና አልሞቁም፤ ግን ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ደረስሁ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ዝክሩ ተበልቶ፣ እንግዳው ገሚሱ ወደየቤቱ ሄዷል። ከመተማ የመጣው የአያ ደሳለኝ ልጅ በመደቡ ጥግ ተቀምጦ ነበር፤ ቁመቱ የአባቱ ነው። ስልኬን ሳወጣ ወይዘሮ አገሬ እጄን ያዙኝ።

«እቤት ውስጥማ አይሆንም! ጣራ ሥር ሙሾ አላስጠራም።»

ወጣን። ከአውድማው ባሻገር፣ ገደሉ አፍ ላይ ያለ ሣር ላይ ተቀመጥን፤ እርሳቸው፣ የሺ፣ ልጅየውና እኔ። ነፋሱ ድምፁን እንዳይወስደው የሺ ከሠፈር አንድ ድምፅ ማጉያ ተውሳ ነበር። አስነሣሁት።

ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ድምፁ በሸለቆው አስተጋባ። ሦስት ስንኝ ሳይወርድ ከታችኛው ቤት አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ሌላ፤ ከዚያ ወንዶች በትራቸውን ይዘው። አንዱ ከሩቁ ራሱን ይዞ «ወየው! ወየው!» ይላል።

«ማን ሞተ? አገሬ፣ ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተም!» ብለው ጮሁ ወይዘሮ አገሬ። «ደሳለኝ ነው!»

«ደሳለኝማ ዓምና ሞተ!»

«እንዴታ፤ የዓምናው ነው!»

ሴትየዋ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ስቃ ስቃ ሆዷን ያዘች። «ተይ እንጂ አገሬ! የእንጀራ አብሲቴን እሳት ላይ ጥዬ መጣሁ እኮ! አያ፣ አንተ ነህ ይህን ያመጣኸው? ሰው ሁለቴ ይገድላል ወይ?» ወንዶቹም ሳቁ። የሄደ አልነበረም። ከመጣን አይቀር እንስማው ብለው ሁሉም ተቀመጡ፤ ከመጀመሪያው እንደ ገና አስነሣሁት።

ሳቁ በየት በኩል እንደ ወጣ አላየሁም። ልጅየው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት ሳታቀናው ቀረች፤ አሁን በእውነት ታለቅስ ነበር። ወይዘሮ አገሬ ብቻ አላለቀሱም። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ የሌላ ሰው ድምፅ እንደሚሰማ ሰው፣ ያዳምጣሉ። ወደ መጨረሻው ይህ ደረሰ፦

ወንድሜ ወንድሜ የገብስ አውድማ፣
ነፋስ ሲመጣልህ አንተ የለህማ።

አውድማው ከፊታችን ነበር፤ የዘንድሮው ገብስ ገና አልተወቃም።

ከአለቀ በኋላ ስለ ድረ ገጹ ጠየቅኋቸው፤ ልመልሰው ወይስ ይቅር? ልጅየው ቀድሞ «ይመለስ፣ እታባ፤ መተማ ሆኜ እሰማዋለሁ» አለ። እርሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያች ሴትዮ ሄዳለች?»

«ሄዳለች።»

«እንደማትመለስ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እት አገሬ። ግን በየቀኑ አያለሁ።»

አሰቡ። ወደ ማጉያው አመለከቱ። «ያችን የመጨረሻዋን ድገማት።»

ደገምኋት።

«ይህን ያልሁት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ሸጋ ብያለሁ» አሉ። «መልሰው።»